የሒሳብ መዝገብ ቤት ሲለውጥ፤ የኮምፒዩተር የሒሳብ ማኅደርን ስለ ማዛወርና በዚያ ጊዜ ስለሚያጋጥሙ ችግሮች

የነጋዴ ሀብት ዕቃና ገንዘብ ብቻ አይደለም። ማን ምን ያህል እንዳለበት፣ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል፣ በመጋዘን ምን እንደ ቀረ የሚመሰክረው የሒሳብ መዝገብም ከሌላው ሀብት የማያንስ ሀብት ነው። ቀድሞ ይህ መዝገብ በወፍራም ደብተር ተጽፎ ከባንኮኒ ሥር ወይም በብረት ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ ግን በሸዋ ሮቢትም ሆነ በሌሎቹ የይፋት ቆላ ከተሞች ሒሳባቸውን በኮምፒዩተር የሚይዙ ነጋዴዎች ጥቂቶች አይደሉም። ደብተሩን ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ለማዛወር ብብት ውስጥ ሸጉጦ መሄድ ይበቃ ነበር። የኮምፒዩተሩን መዝገብ ማዛወር ግን የራሱ ደንብ አለው። ደንቡን ሳያውቁ ከሚያዛውሩት መካከል አንዳንዶቹ መዝገባቸውን ያጣሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከማጣት የከፋ ነገር ይደርስባቸዋል፤ ይኸውም ሳያውቁት ሁለት መዝገብ ይይዛሉ። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

መዝገቡ ከቦታው የሚነሣበት ምክንያት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ሲወርድ፣ ከዋና ከተማዋ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በ1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሸዋ ሮቢትን ያገኛታል። አገሩ ማሾ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ማሽላና ትምባሆ የሚበቅልበት፣ የደጋው ሕዝብ ከአርጎባው፣ ከኦሮሞውና ከአፋሩ ጋር በሰንበቴና በመሰሉት ገበያዎች የሚገናኝበት ጥንታዊ የንግድ በር ነው። ለንግድ የተመቸ ይህ አገር ለኮምፒዩተር ግን እምብዛም አይመችም። የቆላው ሙቀትና የመንገዱ አቧራ የኮምፒዩተሩን ማናፈሻ ይደፍናሉ፤ መብራት በድንገት ጠፍቶ በድንገት ሲመጣም መረጃ የሚጻፍበት ዲስክ ይጎዳል። ኮምፒዩተሩ ሲደክም ባለቤቱ አዲስ ይገዛል፤ ያን ጊዜም መዝገቡ ከአሮጌው ወደ አዲሱ መዛወር አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሞች ሲጫኑ መዝገባቸውን ብዙውን ጊዜ በሲ ድራይቭ ላይ ያስቀምጣሉ። ኮምፒዩተሩ ሲታመም ጠጋኙ መጀመሪያ አጥፍቶ እንደገና የሚጭነው ይህንኑ ሲ ድራይቭ ስለሆነ፣ መዝገቡ በዚያ ከተገኘ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ መዝገቡን አስቀድሞ ወደ ዲ ድራይቭ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ያዛውራል። ሦስተኛም ንግዱ አድጎ በሱቁና በመጋዘኑ ሁለትና ሦስት ኮምፒዩተሮች በአንድ መዝገብ ላይ መሥራት ሲያስፈልጋቸው፣ መዝገቡ ሁሉም ወደሚያዩት አንድ ኮምፒዩተር መሄድ ይኖርበታል።

አራተኛውን ምክንያት ማንም ባይመኘው የይፋት ነጋዴ አይቶታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት በተጎዳች ጊዜ፣ በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ ሕዝቡ ቤቱንና ሱቁን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌሎች ከተሞች ተሰዷል። በእንደዚያ ያለ ቀን ኮምፒዩተር ተሸክሞ መሸሽ አይቻልም፤ በኪስ የምትያዝ አንዲት ፍላሽ ግን የዓመታት ሒሳብ ልትይዝ ትችላለች። ይሁን እንጂ በጥድፊያ የተቀዳ መዝገብ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ እንቢ እንዳይል፣ አቀዳዱንና አከፋፈቱን በሰላም ቀን መማር ይገባል። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ሕጉም ይህን ጥንቃቄ ያዝዛል። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ የሒሳብ ሰነዶቹን በሕግ ለተወሰነው ጊዜ ጠብቆ እንዲያቆይ ያስገድዳል። «ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» የሚለው ቃል በግብር ሰብሳቢው ፊት መዝገብን አይተካም።

ጸሐፊውና ደብተሩ

ችግሮቹን ለመረዳት አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ያሻል። የሒሳብ ፕሮግራሙና የሒሳቡ መዝገብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፕሮግራሙ እንደ ጸሐፊ ነው፤ ዳታ ፎልደር የሚባለው የመረጃ ማኅደር ደግሞ እንደ ደብተሩ ነው። ጸሐፊው ደብተሩ የተቀመጠበትን መደርደሪያ አድራሻ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በኪሱ ይይዛል። ጠዋት ሥራ ሲጀምር በወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው መደርደሪያ ይሄዳል እንጂ ደብተሩን ዓይኑ እያየ አይፈልግም። እንግዲህ ባለቤቱ ደብተሩን ሌሊት ወደ ሌላ ክፍል አዛውሮ ለጸሐፊው ሳይነግረው ቢቀር ከሦስቱ አንዱ ይሆናል። ወይ ጸሐፊው «ደብተሩ የለም» ብሎ ይጮኻል፤ ወይ አዲስ ባዶ ደብተር ይከፍታል፤ ወይ ደግሞ በቀድሞው መደርደሪያ ላይ ቅጂ ቀርቶ ከሆነ ምንም ሳይናገር በዚያው ላይ መጻፉን ይቀጥላል።

በአገራችን በብዙ የንግድ ቤቶች የሚታወቀው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፒችትሪ በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ የተጀመረ ሲሆን፣ በ1999 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ሴጅ ኩባንያ ገዝቶት ከ2013 እ.ኤ.አ. እትም ጀምሮ ሴጅ 50 ተብሏል። ይህ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ድርጅት አንድ ንዑስ ማኅደር ከፍቶ ደንበኛውን፣ አቅራቢውን፣ ዕቃውንና የሒሳብ እንቅስቃሴውን በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ ይጽፋል። ፋይሎቹ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱ ቢጎድል የቀሩት ብቻቸውን አይቆሙም። የጸሐፊውን ወረቀት የመሰለው ደግሞ የአድራሻ ፋይሉ ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ «ዳታፓዝ» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የማኅደሩ ሥፍራ ተጽፏል።

የአዛዋወሩ ሥርዓት

ማዛወሩን ገበያ በማይውልበት ቀን፣ የሚቻል ከሆነም የወሩ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ማድረግ ይሻላል። ሥርዓቱም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከማዛወሩ በፊት የሒሳብ ማመዛዘኛውን፣ የደንበኞችን ዕዳ ዝርዝር፣ የአቅራቢዎችን ዝርዝርና የዕቃ ቆጠራውን በወረቀት ማተም፤ የመጨረሻውን የሽያጭ ደረሰኝ ቁጥርም መመዝገብ።

2ኛ፤ በፕሮግራሙ በራሱ ትእዛዝ የመጠባበቂያ ቅጂ መውሰድ። በፒችትሪ ይህ ቅጂ ስሙ «ፒቲቢ» በሚል የሚጨርስ አንድ ፋይል ሆኖ ይወጣል። ቅጂውን በሁለት ፍላሽ ማኖርና አንዱን ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ፕሮግራሙን በሁሉም ኮምፒዩተሮች ላይ መዝጋት።

4ኛ፤ የድርጅቱን ማኅደር ከነሙሉ ይዘቱ ወደ አዲሱ ሥፍራ መቅዳት። እዚህ ላይ የምንጠቀመው «ኮፒ» የሚለውን እንጂ «ከት» የሚለውን ትእዛዝ አይደለም። «ከት» በተባለ ጊዜ መብራት ቢጠፋ መዝገቡ ግማሹ በአሮጌው ቤት፣ ግማሹ በአዲሱ ቤት ሊቀር ይችላል። በቅጂ ጊዜ ቢጠፋ ግን ዋናው እንዳለ ስለሆነ እንደገና መጀመር ብቻ ነው።

5ኛ፤ የሁለቱን ማኅደሮች የፋይል ቁጥርና መጠን ማስተያየት። በማኅደሩ ላይ የቀኝ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን መክፈት ሁለቱንም ያሳያል።

6ኛ፤ ለፕሮግራሙ አዲሱን አድራሻ መንገር፤ ቀጥሎም ከፍቶ በ1ኛው ከታተመው ወረቀት ጋር ማመሳከር።

7ኛ፤ የቀድሞውን ማኅደር ስም መለወጥ። ስለ ዚህ ስለ መጨረሻው ነጥብ ወደ ኋላ በሰፊው እንመለስበታለን።

ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ሥርዓቱ ሁሉ ተፈጽሞም ቢሆን እንቅፋት አይታጣም። በብዛት የሚያጋጥሙትን ቀጥለን እንዘረዝራለን።

ፕሮግራሙ «ድርጅቱ አልተገኘም» ይላል፤ ወይም የድርጅቶቹን ዝርዝር ባዶ አድርጎ ያሳያል። ይህን ያየ ሰው መዝገቡ የጠፋ መስሎት ይደነግጣል። ብዙውን ጊዜ የጠፋ ነገር የለም፤ ጸሐፊው የያዘው ወረቀት የቀድሞውን አድራሻ የያዘ ሆኖ ነው። በፒችትሪ «ኦፕን ካምፓኒ» ከሚለው ትእዛዝ ገብቶ «ብራውዝ» በሚለው አዲሱን ሥፍራ ማሳየት ይቻላል። ፕሮግራሙ ዘወትር ከዚያው እንዲጀምር ለማድረግ ግን የአድራሻ ፋይሉን ማረም ያስፈልጋል። ይህ ፋይል በአዲሶቹ እትሞች «ፕሮግራምዳታ» በተባለ ስውር ማኅደር ውስጥ ስለሆነ፣ ፈልጎ ያጣ ሰው ዊንዶውስ ስውር ማኅደሮችን እንዲያሳይ ማዘዝ ይኖርበታል። በዚህ ጊዜ አዲስ ድርጅት መክፈት ፈጽሞ አይገባም።

ቅጂው በመካከል ይቆማል፤ «ፋይሉ በሥራ ላይ ነው» የሚል ቃልም ይመጣል። ምክንያቱ ፕሮግራሙ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ክፍት መሆኑ ነው፤ አለዚያም ከበስተጀርባ የሚሠራው የመረጃ ሞተር አልቆመም። በፒችትሪ ይህ ሞተር ፐርቬሲቭ ይባላል፤ የፕሮግራሙ መስኮት ቢዘጋም እርሱ በሥራ ላይ ይቆያል። ሁሉንም ኮምፒዩተሮች ዘግቶ፣ መዝገቡ ያለበትን እንደገና አስነሥቶ፣ ፕሮግራሙን ሳይከፍቱ መቅዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ይህም ካልሆነ ባለሙያው ሞተሩን ከዊንዶውስ የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ለጊዜው ያቆመዋል። ሥራው ሲያልቅ መልሶ ማስነሣቱን ግን መርሳት የለበትም፤ ሞተሩ ካልተነሣ ፕሮግራሙ አይከፈትም።

መዝገቡ ይከፈታል፣ ይነበባል፣ አዲስ ሒሳብ መጻፍ ግን አይቻልም። ይህ የፈቃድ ጉዳይ ነው። ፋይሎቹ «ለንባብ ብቻ» የሚል ምልክት ይዘው ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ከሲዲ የተቀዱ ከሆኑ ይህ ይታያል። ወይም ኮምፒዩተሩን የከፈተው የሒሳብ ሠራተኛ በአዲሱ ማኅደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ የለውም። ፊተኛውን ምልክቱን በማንሣት፣ ሁለተኛውን ደግሞ በማኅደሩ «ሴኪዩሪቲ» ገጽ ለሠራተኛው ሙሉ ፈቃድ በመስጠት ማስተካከል ይቻላል። ባለቤቱ ሲከፍተው የሚሠራ፣ ሠራተኛው ሲከፍተው እንቢ የሚል መዝገብ ካጋጠመ ችግሩ ይኸው መሆኑን መገመት ይቻላል።

ትናንት የሠራው ዛሬ አይከፈትም። መዝገቡ በፍላሽ ወይም ከውጭ በሚሰካ ዲስክ ላይ ተቀምጦ እንደ ሆነ ዊንዶውስ ትናንት ኢ ያለውን ዛሬ ኤፍ ሊለው ይችላል፤ ያን ጊዜ አድራሻው ይስታል። ለዲስኩ የማይለወጥ ፊደል መስጠት ይቻላል። ከዚያ የሚሻለው ግን የዕለት ሥራን በፍላሽ ላይ አለመሥራት ነው። ፍላሽ ለማጓጓዣና ለመጠባበቂያ እንጂ ለዘወትር መዝገብ አይደለም።

ማኅደሩ በፍላሹ ላይ ጠፍቶ በስሙ አንዲት ትንሽ ሾርትከት ብቻ ትታያለች። ይህ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመት ቫይረስ ሥራ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ማኅደር ይሰውርና በምትኩ ሾርትከቷን ያኖራል፤ እርሷን የጫነ ሰው ቫይረሱን በገዛ እጁ ያስነሣል። ስለዚህ ሾርትከቷን አለመንካት፣ ፍላሹን በፀረ ቫይረስ ማስመርመር፣ ከዚያም የተሰወሩ ማኅደሮችን ማሳየት ይገባል። መዝገቡ አብዛኛውን ጊዜ ከነሙሉ አካሉ ይገኛል። ፍላሹን «ፎርማት» ለማድረግ የሚቸኩል ግን መዝገቡን በራሱ እጅ ያጠፋል።

በአንድ ኔትወርክ ያሉት ሌሎች ኮምፒዩተሮች መዝገቡን አያገኙም። ዋናው ኮምፒዩተር ላይ መዝገቡ ሲዛወር እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የየራሱን ወረቀት ይዞ ይቀራል። ማኅደሩን ለኔትወርኩ ማጋራት፣ በየኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ዓይነት የድራይቭ ፊደል መስጠት፣ የአድራሻ ፋይሉንም በሁሉም ላይ ማረም ያስፈልጋል። የዊንዶውስ የመከላከያ ግድግዳ የመረጃውን ሞተር እንዳያግደውም መፍቀድ ይገባል። መዝገቡና ሞተሩ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ቢሆኑ ይሻላል።

የማኅደሩ ስም ለፕሮግራሙ አይስማማም። ቀደም ባሉት ዓመታት የተሠሩ ፕሮግራሞች የግዕዝ ፊደል የያዘ ወይም እጅግ የረዘመ ስም ሲያጋጥማቸው ሊሰናከሉ ይችላሉ። የመዝገቡን ማኅደር አጭር የላቲን ፊደል ስም መስጠትና በዲስኩ መግቢያ አጠገብ ማኖር ከዚህ ያድናል።

አሮጌው ፕሮግራም አዲሱን መዝገብ አያነብም። በሱቁ ያለው ኮምፒዩተር የቆየ እትም፣ በሒሳብ ባለሙያው ቢሮ ያለው ደግሞ አዲስ እትም ከሆነ፣ መዝገቡ በአዲሱ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ከተለወጠ በኋላ ወደ አሮጌው አይመለስም። ስለዚህ ወደ ባለሙያው ከመላኩ በፊት የሁለቱ እትም አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል።

በኢንተርኔት የሚመሳሰል ማኅደርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋንድራይቭና ድሮፕቦክስን በመሰሉት ውስጥ የዕለት መዝገብን ማኖር አይመከርም፤ አገልግሎቱ የተሳሰሩትን ፋይሎች አንዱን ቀድሞ ሌላውን ዘግይቶ ሲያነሣ መዝገቡ ሊዛባ ይችላል። የተዘጋውን የመጠባበቂያ ቅጂ እዚያ መላክ ግን መልካም ነው። ቢሆንም በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ በሩቅ አገር የተቀመጠ ቅጂ ለባለቤቱ ምን ያህል የማይደረስበት እንደሚሆን ታይቷል።

ድምፅ የማያሰማው ችግር

እስካሁን የዘረዘርናቸው ሁሉ የሚናገሩ ችግሮች ናቸው። ፕሮግራሙ ይጮኻል፤ ሰውየው ይደነግጣል፤ ባለሙያ ጠርቶ ያስተካክላል። እጅግ የሚያስፈራው ግን የማይናገረው ነው። ይኸውም ማኅደሩ ወደ አዲሱ ሥፍራ ተቀድቶ፣ የቀድሞውም በቦታው ቀርቶ፣ ፕሮግራሙ አዲሱን አድራሻ ሳይነገረው ሲቀር የሚደርስ ነው። ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ ሒሳቡ ሁሉ ትክክል ነው፤ ስሕተት የሚል ቃል አይታይም። ባለቤቱም «ተዛውሯል» ብሎ ያርፋል። ሥራው ግን በአሮጌው ማኅደር ላይ ይቀጥላል።

ለምሳሌ አንድ የማሾ ነጋዴ መዝገቡን በመስከረም ወር ወደ ዲ ድራይቭ አዛወረ እንበል። በሱቁ ያለው ሠራተኛ ሳያውቅ በሲ ድራይቭ ላይ ባለው መጻፉን ይቀጥላል፤ በመጋዘኑ ያለው ደግሞ በኔትወርክ አዲሱን ከፍቶ ይጽፋል። በሱቁ መዝገብ ገበሬው ገንዘቡን ተቀብሏል፤ በመጋዘኑ መዝገብ ገና ባለ ዕዳ ነን። በአንዱ 60 ኩንታል ወጥቷል፤ በሌላው በመጋዘን አለ። ሁለቱም መዝገቦች አንድ ዓይነት የደረሰኝ ቁጥር ለተለያየ ሽያጭ ይሰጣሉ። የባሰው ደግሞ በየሳምንቱ የሚወሰደው የመጠባበቂያ ቅጂ ከአንደኛው ብቻ መሆኑ ነው። ታኅሣሥ ላይ ኮምፒዩተሩ ታሞ ሲ ድራይቭ ቢጠፋ ባለቤቱ «በዲ አለልኝ» ብሎ ሲከፍተው የሱቁ የሦስት ወር ሒሳብ የለም።

ከዚህ ለመዳን መንገዱ ቀላል ነው። ማዛወሩ እንዳበቃ የቀድሞውን ማኅደር ስም፣ ለምሳሌ «አሮጌ» የሚል በላቲን ፊደል ጨምሮ፣ መለወጥ ይገባል። ያን ጊዜ አንዱ ኮምፒዩተር እንኳ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ቢቀር ፕሮግራሙ ይጮኻል እንጂ ዝም አይልም። ዝም የሚለውን ችግር ወደሚናገር ችግር መለወጥ ማለት ይህ ነው። አሮጌው ማኅደር ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ወር ሙሉ ሒሳብ በአዲሱ ተሠርቶ እስኪዘጋ ይቆይ። በተጨማሪም በፒችትሪ «ካምፓኒ ኢንፎርሜሽን» የሚለውን መስኮት ከፍቶ «ዳይሬክተሪ» ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈውን አድራሻ በየኮምፒዩተሩ ማንበብ ነው። ሁሉም አንድ ሥፍራ የሚያመለክት ከሆነ መዝገቡ አንድ ነው።

የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያለው ነጋዴ ሌላም ምስክር አለው። መሣሪያው የራሱ ማስታወሻ ስላለው የኮምፒዩተሩ ማኅደር ቢዛወር ባይዛወር አይነካውም። የየቀኑን ዜድ ሪፖርት ከመዝገቡ የዕለት ሽያጭ ጋር ማስተያየት በመዝገቡ ውስጥ የጎደለ ቀን ካለ በቶሎ ይገልጣል።

ሁለት መዝገብ ተይዞ የተገኘ እንደ ሆነስ? አንዱን ማኅደር በሌላው ላይ መገልበጥ ክልክል ነው፤ የላይኛው የታችኛውን ያጠፋል እንጂ አይደምረውም። የመጠባበቂያ ቅጂን በነበረው ድርጅት ላይ መመለስም እንደዚሁ የነበረውን ይሽራል። የሚገባው ሁለቱንም ወደ ሌላ ዲስክ ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ብዙ ሥራ የያዘውን ዋና መዝገብ አድርጎ መምረጥ፣ ከሌላው ደግሞ ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ያለውን እንቅስቃሴ በወረቀት አትሞ ከደረሰኞቹ ጋር እያመሳከሩ በዋናው ላይ አንድ በአንድ መጻፍ ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ በቶሎ የተደረሰበት ግን የአንድ ሳምንት ልፋት ሲሆን፣ እስከ ሰኔ 30 ቀን የቆየው የዓመቱን የሒሳብ መዝጊያ ያናጋል።

ነጋዴዎቻችን እንግዲህ ዛሬ ማታ ሱቅ ከመዝጋታቸው በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ መዝገባቸው በየትኛው ድራይቭ፣ በየትኛው ማኅደር እንደሚገኝ ከፕሮግራሙ አንብበው አድራሻውን በወረቀት ይጻፉ፤ ይህን የማያውቅ ባለቤት የደብተሩን መደርደሪያ ለሠራተኛው ብቻ እንደ ተወ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የመጨረሻውን የመጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ፣ አዲስ ድርጅት ብለው ከፍተው ይሞክሩ፤ ተከፍቶ ያልታየ ቅጂ ተስፋ እንጂ መዝገብ አይደለም። በቅጂው ላይ የሚታየው የዕዳና የዕቃ ድምር በሱቁ ካለው ጋር ከተስማማ፣ መዝገቡ ቤት መለወጥ ባለበት ቀን ሁሉ በሰላም ይለውጣል።